የእናቴ ድምፅ ከሽማግሌ ስልክ ሲወጣ

ዛሬ ረፋድ ከዋጃ የመጡ ሽማግሌዎች ቤታችን ቁጭ ብለው የእናቴን ድምፅ ከስልክ አሰሙን።

የመጡት እህቴን ለልጃቸው ሊጠይቁ ነው። አባቴ እንደ ወጉ «ዘመድ ሳናማክር መልስ አንሰጥም፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» አለ። ይሄኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የእኛም ዘመድ የሆኑት ጋሽ አራጋው፣ ስልካቸውን አውጥተው አንድ የድምፅ መልእክት ከፈቱ።

«ልጁንስ ወደነዋል። ግን አንድ ሁለቴ ሳንመልሳቸው እሺ ካልን፣ ሊገላገሏት ፈልገው ነው ይሉናል።»

እናቴ ናት። መጻፍ ስለማትችል፣ ጂዳ ካለችው አክስቴ ጋር በእኔ ስልክ በድምፅ ነው የምታወራው።

አክስቴ አፕ ስትቀይር፣ የእናቴ ድምፅ እንዳይጠፋ ብዬ ትናንት ቻቱን በሙሉ ወደ አዲሱ አዛወርኩት። ለካ አፑ «ወደ ማን ላስገባው?» ሲለኝ የነካሁት የአክስቴን ስም ሳይሆን ከሱ በላይ ያለውን የዘመድ ግሩፕ ኖሯል። ጋሽ አራጋውም እዚያው ግሩፕ ውስጥ አሉ።

አንድ ፎቶ ለመላክ ግማሽ ቀን የሚፈጀው የኮቦ ኔትወርክ፣ ይሄን ሁሉ ድምፅ ሳያንጠባጥብ አድርሶታል።

አፑ ስልክ ቁጥሮችህን ልይ፣ ፎቶህን ልክፈት፣ ማይክህን ልጠቀም እያለ ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ እሺ እሺ አልኩ። እናቴን ግን ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ቀን አስቆርጠው ሄዱ። ለአክስቴ እንድትነግራት ብዬ ስልኬን ለእናቴ ሰጠኋት።

«ተወው» አለችኝ። «ስትመጣ እነግራታለሁ።»

አክስቴ መቼ እንደምትመጣ የሚያውቅ የለም።

እስቲ ቻት ያዛወራችሁ ንገሩኝ፤ የማን ገበና ነው አብሮ የወጣባችሁ?