በአባቴ አንገት ላይ የፈሰሰው ገንፎ

ቅቤና ቤንዚን አንድ ላይ ሲሸቱኝ ዛሬም ምራቄ አፌን ይሞላዋል፤ የሚሞላው ግን ስለጎመጀሁ አይደለም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያ አጠገብ ቅቤ የያዙ ሴቶች ባጃጅ ሲሳፈሩ ሁለቱ ሽታዎች ይገናኙና፣ ወዲያው የአባቴ ትንሽ አውሮፕላን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እገኛለሁ።

አባቴ ከደጋው የጋሞ መንደሮች በሽተኞችን ወደ አርባ ምንጭ የሚያመላልስ ፓይለት ነበር። ክረምት ሲገባ የደጋው ሜዳ ጭቃ ስለሚሆን ብዙም አይበርም ነበር፤ እኔም አውሮፕላኗን ከማጠብ ስለማርፍ ደስ ይለኝ ነበር። በበጋ ግን ከሰዓት በኋላ ከዓባያ ሐይቅ በኩል ነፋስ እየተነሣ ማኮብኮቢያውን በጎን ስለሚመታው፣ ተሳፋሪው የበላውን ሁሉ እያስታወከ ይወርድ ነበር። የደጋ ሰው ደግሞ መንገደኛን ባዶ ሆዱን አይሸኝም፤ የቡላ ገንፎ በቅቤ ጠቅጥቆ ነው የሚያሳፍረው። ይህን ልማድ ሰው ሁሉ ሲያመሰግነው እሰማለሁ፤ እንደኔ ወንበር ያጠበ ግን አያመሰግነውም።

አንድ ጥር፣ ለትምህርት ቤት እረፍት ደጋ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ሳለ፣ አጎቴ አንጀቱ ታስሮ ወደቀ። የአርባ ምንጭ ሆስፒታል ሐኪም በራዲዮ «ምንም እንዳይቀምስ፤ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል» ስላለ፣ አባቴ ሊወስደው መጣ። አባቴ ውጭ አውሮፕላኗን ሲፈትሽ የአጎቴ ሚስት ከጓዳ ገንፎ አምጥታ አጎቴን ታጎርሰው ጀመር።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ከልክሏል እኮ» አልኳት።

«ዝም በይ አንቺ። ባዶ ሆዱን ከቤቴ ወጥቶ መንገድ ላይ ቢሞትብኝ ሰው ምን ይለኛል?»

አጎቴ እምቢ ማለት ከብዶት፣ እንባው እየወረደ ዋጠ። ቅቤው በአገጩ ሲንጠባጠብ እያየሁ አንገሸገሸኝ።

አጎቴን ከአባቴ ወንበር ኋላ አስቀምጠን፣ እኔም ከጎኑ ሆኜ አርባ ምንጭ ስንደርስ ነፋሱ አንዴ እየነጠቀ፣ አንዴ እየተወን ጠበቀን። አባቴ ሊያርፍ ሲል ነፋሱ ከማኮብኮቢያው ገፍቶ ስላስወጣው፣ ኃይል ጨምሮ እንደገና ተነሣ። «ሶዶ ሆስፒታል ልውሰደው ብል አይደርስልኝም» ብሎ አጉረመረመ። ዞሮ ተመለሰና የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ በጎን እየሄደ ወረደ፤ መሬት ልንነካ ስንል በእግር መርገጫው አቃንቷት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አደረገ። ልክ በዚያች ቅጽበት አጎቴ ገንፎውን በሙሉ አባቴ አንገት ላይ ለቀቀው። በኮሌታው አልፎ ወደ ጀርባው ሲገባ አየሁት። አባቴ አንገቱን እንኳ አልሰበቀም፤ ሁለት እጆቹን ካሉበት ሳያነሳ በመጀመሪያ አንዱን ጎማ፣ ቀጥሎ ሌላውን አሳረፈና፣ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ አልጠረገውም።

አጎቴ በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ዳነ። ሚስቱ ግን «እዚያ ድረስ ያቆየው ገንፎዬ ነው» እያለች እስከ ዛሬ ታወራለች፣ ለመስቀልም ለአባቴ ቅቤ ትልክለታለች። እሷን ስሰማ ከትውከቱ የባሰ ያቅለሸልሸኛል።

ዛሬ ደጋው ድረስ አምቡላንስ ይወጣል፤ አባቴን ደግሞ ደም ግፊት ጥሎት እጆቹ አይታዘዙትም። ጠዋት ጠዋት ገንፎ ሳጎርሰው ከአፉ አምልጦ ወደ አንገቱ ይወርዳል፣ እሱም እንደ ያኔው አይጠርገውም። ያኔ እጁን ከመሪው ማላቀቅ ስላልቻለ ነበር፤ ዛሬ ማንሳት ስለማይችል ነው።

«ይቀፍሻል አይደል?» ይለኛል።

«አዎ» እለዋለሁ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በጣቴ እየጠረግሁለት።