ዶሞቪክን መልአክ ያደረግኩ ቀን

በሰው ግጥም ውስጥ አንድ ቃል ቀየርኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። በመጀመሪያ ያስቀየሩኝ ሰው ያናድዱኛል፤ ቆየት ብዬ ሳስበው ደግሞ ከሳቸው ይበልጥ በራሴ እናደዳለሁ።

ግጥሙ የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው። ዩክሬናዊት ናት። ዌምብሊ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንሶላ አብረን እናጥፋለን፤ እሷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሁለቱን፣ እግረ መንገዳችንን እናወራለን። ግጥም እንደምሞክር ስታውቅ የራሷን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማ ሰጠችኝ። ኪልበርን ያለ ቤተ መጻሕፍት ሰው ሁሉ በየቋንቋው ግጥም የሚያነብበት ዝግጅት ነበረውና፣ በአማርኛ እንዳነብላት ፈለገች።

ግጥሙ ስለ ዶሞቪክ ነው። በአገሯ የጥንት እምነት እያንዳንዱ ቤት ከምድጃው ሥር የሚኖር ጠባቂ አለው። ፀጉራም ሽማግሌ ነው፤ ሲከፋው ዕቃ ይደብቃል። ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር አሮጌ ጫማ መሬት ላይ ያስቀምጡለትና በስሙ ጠርተው «ግባ፣ አብረን እንሂድ» ይሉታል። ካልጠሩት እዚያው ይቀራል። እሷ ከተማዋ ሲደበደብ ሸሽታ ስትወጣ ጫማ የምታስቀምጥበት ጊዜ አልነበራትም። ስለዚህ በግጥም ጠራችው፤ ምድጃው ፈርሷል፣ ጫማዬ ግን እዚህ ነው፣ ና ትለዋለች።

ተርጉሜ እንደጨረስኩ አማርኛዬን እንዲያዩልኝ ክላፋም ወዳለው የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ሄድኩ። የዶሞቪክን ስም እንዳለ ትቼ «የቤቴ ቆሌ» የሚል አስከትዬበት ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አጋንንት መጥራት ነው።»

«ጋሼ፣ ግጥም ነው።»

«መልአክ በለው። ማን ቼክ ያደርግሃል?»

እኚህ ሰው ውሻ ሲጮህባቸው ቆሌዬ ተገፈፈ የሚሉ ናቸው። ይህን ልነግራቸው ሲገባ አንገቴን ደፍቼ መልአክ አልኩት። ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በማግስቱ አንሶላ እያጠፍን እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። መስመር በመስመር ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ነገርኳት። መልአኩ ጋ ስደርስ የያዘችውን ጫፍ ለቀቀችው።

«መልአክ ክንፍ አለው» አለችኝ። «ሳይጠሩትም ይመጣል። የኔው ግን ፍርስራሽ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠራውን ይጠብቃል። አንድ ጊዜ እኔ ጥዬው ሄድኩ፤ አሁን ደግሞ አንተ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የቀሩትን አንሶላዎች ብቻዋን አጠፈች።

የዝግጅቱ ቀን ሽማግሌው ልጃችን ሊያነብ ነው ብለው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። እሷ ከኋላ ናት፣ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ወረቀቱ ላይ ያለውን መልአክ በእስክሪብቶ ሰርዤው ነበር። በሳቸው ተናድጄ፣ በራሴ ተናድጄ፣ ለቤተ መጻሕፍት በማይሆን ድምፅ «ዶሞቪክ፣ የቤቴ ቆሌ፣ ና» አልኩ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። እኔም ያንኑ መስመር ደገምኩት፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ለሦስተኛ ጊዜ አልኩት።

ስጨርስ እሷ ወደኔ መጣች።

«ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የወጣው?»

«ስሙን ሰምተው።»

ዞር ብላ በሩን አየችው።

«እንግዲያው በደንብ ጠርተኸዋል» አለችና ካፖርቷን አወለቀች።