ያልሄድኩበት ጄኔቫ

ዛሬ ጠዋት ለሱቃችን ዕቃ ልገዛ ጆበርግ ውስጥ ወዳለው የፎርድስበርግ ገበያ ሄጄ፣ የአንዱ ነጋዴ ልጅ ስልኳን ዘረጋችልኝ። "እትዬ፣ አንቺ የሠራሽበት ሆቴል ይኸ አይደል?" የጄኔቫ ሐይቅ ዳር የቆመ፣ ነገሥታት አድረውበታል የሚባል ጥንታዊ ሆቴል። "እሱ ነው" አልኳት። እግሬ ረግጦት አያውቅም።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። የሆቴል ትምህርት ጨርሼ እዚያ ለሥራ ልምምድ ተቀብለውኝ ነበር። አባዬ ዕድሜውን ቴምቢሳ በሚባለው የድሆች ሰፈር ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነውና ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። በግ አርዶ፣ የፎርድስበርግን ነጋዴ ጠርቶ፣ ዱዓ አስደርጎ ሸኘኝ። በረራዬ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኮሮና ሁሉን ዘጋ፤ አየር መንገዱንም፣ ሆቴሉንም፣ ሱቃችንንም።

እኛ ዘንድ ዱዓ ተደርጎለት የቀረ ሰው መሳቂያ ነው። አባዬ "ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ሄዳለች እንበልና ቤት ተቀመጪ" አለኝ።

"ተው፣ ኋላ መመለሻው ይቸግረናል" አለችው እማዬ። አልሰማትም።

ሰው ሲደውልለት፣ ትሮይቪል ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን አጠገቤ ተቀምጦ "በመስኮቷ ስር መርከብ ያልፋል" ይላል። ስልኩን ሲዘጋ ዓይኔን አያየኝም። እኔ ሞኟ እስቅ ነበር። በኋላ ሆቴሉ ልምምዱን ጨርሶ ሰረዘው፤ እኛ ግን ከውሸቱ መውጫ አጣን።

ሐምሌ ላይ፣ የጆበርግ ደረቅ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ አባዬን ሳል ጀመረው። ሆስፒታሉ ሞልቷል ተባልን። መንደሪን እየላጥኩ ከንፈሩ ላይ እጨምቅለት ነበር። አንድ ከሰዓት እጄን ያዘና "አደራ፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ" አለኝ። እቅፌ ውስጥ ሞተ።

ለቅሶ የመጡት ሴቶች ማስክ አድርገው ደጃፍ ላይ ቆመው እማዬን አጽናኗት። እኔ ጓዳ ተደብቄ፣ ሻሼን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እሰማለሁ። "ምስኪን፣ አንዲት ልጁ እንኳ ሳትደርስለት" አለች ጎረቤታችን ሐሊማ። ልወጣ ፈለግሁ፤ አደራውን አስቤ ቀረሁ።

መንገድ ሲከፈት "ተመለሰች" ተባልኩ። ያወቀኝ ሁሉ እስከ ዛሬ "አይዞሽ፣ የአባትሽን ዓይን ሳታዪ ቀረሽ" ይለኛል። እንዴት እንደሚያንገበግብ! የመጨረሻ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነው የወጣው ብዬ መጮህ ያምረኛል። ግን ያን ብናገር ውሸታም የሚባለው እሱ ነው፤ ተነስቶ ለራሱ መልስ አይሰጥ። አንገቴን ደፍቼ "ምን ይደረግ፣ ሩቅ ነበርኩ" እላለሁ።