ለእንግዳዬ የሰጠሁት ሞኒተር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አታውቀውም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። «አባ፣ ነገሩ ስለ ኮምፒውተር ሞኒተር ነው» ብዬ እንዴት ልጀምር? ይስቁብኛል ብዬ ነው እንዳልል ውሸት ይሆናል። የፈራሁት መሳቃቸውን ሳይሆን ዝም ማለታቸውን ነው።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ጓደኛዬ ሰይድ የደሴ፣ የሰኞ ገበያ። ኮምቦልቻ አብረን ተምረናል፣ ከአንድ ትሪ በልተናል። ትምህርት ስንጨርስ እኔ ሐጂ ይመር ጌም ቤት ተቀጠርኩ። ኢንተርኔት እንደ ልብ የማይገኝበት ዘመን ስለነበር ኮምፒውተሮቹን በገመድ አያይዘን የተኩስ ጌም እናጫውት ነበር። ሰይድ በየሳምንቱ ከደሴ ይወርድና ይገጥመኝ ነበር። ከሁለታችን እሱ ይበልጥ ነበር። ዛሬም ይህን ስጽፍ ያመኛል፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐጂ ደሴ ላይ ሁለተኛ ጌም ቤት ሊከፍቱ መሆኑን ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ይፈልጋሉ። ለሰይድ በምስጢር ነገርኩት፤ ሥራው ለእኔ ቢሆን ብዬ መመኘቴንም አልደበቅሁትም። ሳምንት ሳይሞላ ሐጂ ጠሩኝና ሰይድም መጥቶ እንዳናገራቸው ነገሩኝ። እሑድ ተጋጠሙ፣ ያሸነፈ የደሴውን ቤት ይይዛል አሉ። ጌም ቤት የማይሸነፍ ሰው ከሌለው ደንበኛ አይመጣበትም ባይ ናቸው።

ተከዳሁ አልኩ። የልቤን የነገርኩት ሰው በጀርባዬ ዞሮ ደጅ ጠናብኝ አልኩ። የሰይድ እናት ለደላላ ተናግረው በሐርቡ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊልኩት መሆኑን አውቅ ነበር። ይህን ሥራ ካገኘ ይቀራል፣ ካጣ ባሕር ይሻገራል። አውቅ ነበር። አውቄም ይሂድ አልኩ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። ጌም ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሞኒተሮች ከኋላ የሚያብጡት የድሮዎቹ ነበሩ፤ ቦርጫሙ እንላቸዋለን። አንድ ብቻ ሐጂ ከዱባይ ያስመጡት ሰፊ ፍላት ነበር። ሰው ሁሉ እሱ ላይ ለመጫወት ይሻማል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ቤቱ ጭር ሲል፣ አንዱን ኮምፒውተር ከሁለቱም ጋር አገናኝቼ ጎን ለጎን አየኋቸው። ማውሱን ሳዞር ቦርጫሙ ላይ የጌሙ ወታደር ከእጄ ጋር እኩል ይዞራል። ፍላቱ ላይ ግን ዘግየት ይላል፣ ሲዞርም ጭራ ይጎትታል። የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ በተኩስ ጌም የዓይን ጥቅሻ ሞት ነው። ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን ሆኜ ቦታውን አዘጋጀሁ። ለፍላቱ የሐጂን ባለ ስፖንጅ ወንበር መረጥኩለት። ጠረጴዛውን ወደ ወንበሩ ገፋሁት፣ ወንበሩን ከግድግዳ አስጠጋሁት። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ወደ ኋላ መሸሽ አይችልም፤ ሞኒተሩ አፍንጫው ሥር ስለሚሆን አንዱን ጥግ ሲያይ ሌላው ጥግ ያመልጠዋል። ለራሴ ቦርጫሙን ከተራ በርጩማ ጋር፣ ክንድ ከስንዝር አርቄ አስቀመጥኩ። ላየው ሰው ለእንግዳ ዙፋን ያነጠፍኩ ነው የምመስለው።

እሑድ ቤቱ ሞላ፤ ሐጂም የሰፈር ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ሰይድ እንደ ጨዋ ልጅ ወደ በርጩማው ሄደ። ያዝኩት። ፍላቱን አንተ ያዝ ስለው እምቢ አለ፣ ደግሜ ብለምነው ዕጣ እንጣል አለ። ይኼኔ በሐጂና በሽማግሌዎቹ ፊት ክንዱን ጨበጥኩና «በሞቴ ሰይዶ! እንግዳዬ ነህ» አልኩት።

በሞቴ የተባለ ሰው ምን ይላል? እኛ አገር በዚህ ቃል የጠገበ ሰው ይጎርሳል፣ መንገደኛ ያድራል። ሰይድም ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።

አሸነፍኩት። ዓይኑን እያሻሸ ሲስት፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር እያየሁ አሸነፍኩት። ተነስቶ አቀፈኝና «ሐላልህ ነው» አለኝ።

ሰው ሲበተን ሐጂ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «ሰይድ እኮ የመጣው ላንተ ሊለምን ነበር» አሉኝ። «ከታደሰ የተሻለ አያገኙም ብሎ ነው የመጣው። ላጋጥማችሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀድሜ ብነግርህ አዝነህ ትለቅለታለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

ሰይድ ገና መናኸሪያ አልደረሰም ነበር። ሮጬ ብወጣ እደርስበታለሁ። ቁልፉን ልመልስ አፌን ከፈትኩና «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

በሳምንቱ ሄደ። ስምንት ወር ወሬው ጠፋ። እኔ ሰኞ ገበያ አጠገብ በእሱ ቤት፣ አዎ በእሱ ቤት፣ ጌም አጫውት ነበር። እናቱን ከሩቅ ሳይ በሌላ ቅያስ እታጠፋለሁ። አንድ ቀን ግን ፊት ለፊት ተገጣጠምን፤ አንተ ወንድሙ፣ ወሬ የለህም ወይ ብለው እጄን ያዙኝ። የለኝም አልኩ። ኋላ በሕይወት መድረሱ ተሰማ። እፎይ አልኩ፤ ለእሱ ይሁን ለራሴ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም፤ በምን እንዳጣቸው አልጠየቅሁትም። ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ጌም ቤቱ ድረስ መጣ። ጂዳ የገዛው የጌም ሞኒተር ነው፤ ስጦታ። ራሱ ገጠመው፣ ራሱ ወንበሬን እየሳበ ርቀቱን በክንዱ ለካልኝ። ሻጩ ሞኒተር የሚመረጠው በስፋቱ ሳይሆን በፍጥነቱ መሆኑን፣ የድሮዎቹ ፍላቶች ቀርፋፋ እንደነበሩ ሁሉ አስረድቶታል። ይህን ሲነግረኝ አወቀ አልኩ።

ሰይድ ግን ሳቀ። «ወላሂ ታዴ፣ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ምስኪን፣ ጥሩ የመሰለህን ነው የሰጠኸኝ።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ያ ሰው ጣቶቹን ጥሎ ለእኔ ሞኒተር ተሸክሞ መጥቷል፣ ሰበቡንም ራሱ አዘጋጅቶልኛል።

«አዎ» አልኩት። «አናውቅም ነበር።»

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ «አናውቅም ነበር» ስለው ሽበት ነበረኝ። የተከዳሁ መስሎኝ ነው አልልም፤ ቁልፉን ስቀበል አለመከዳቴን ሰምቻለሁ። ሰይድ ባለማወቄ ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን አውቅ ነበር፣ እሱም ለማወቄ ይቅርታ አልሰጠኝም፤ አልጠየቅሁትምና።