እንግዳው ጫፍ የወጣ ቀን

ዋሴ ገደል መውጣትን ከአባቱ ተማረ። ከገንዳ ውሃ ከተማ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ቀን ሲኬድ፣ የሰሊጡ ሜዳ የሚያልቅበት ላይ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ቋጥኝ አለ። የአገሩ ሰው ጭልፊቴ ይለዋል። በወገቡ ስንጥቅ ውስጥ ንብ ይሰፍርበታል። ዋሴ በየዓመቱ በጥቅምት፣ ወገቡን በበሬ ቆዳ ጠፍር አስሮ፣ የሚጤስ እበት ይዞ እየተንጠለጠለ ማሩን ይቆርጣል።

ሥራው ከገላው ያልወሰደው አልነበረም። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ጉልበቱ ላይ ቆዳ ሳይሆን ጠባሳ ነው ያለው። አንድ ዓመት ንብ ዓይኑን ነድፎት ሳምንት ሙሉ በሰው እጅ እየተመራ ሰንብቷል። አባቱም የሞቱት ከዚያው ቋጥኝ ወድቀው ነው።

ይሁንና ዋሴን ወደ ላይ የሚስበው ማሩ ብቻ አልነበረም። ታች ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ወባው ሁለት ልጆቹን አስቀብሮታል። ላይ ግን ነፋስ አለ። ከጫፉ ሲቆም የጓንግ ወንዝ እየተጥመዘመዘ ወደ ሱዳን ሲወርድ ይታየዋል። እዚያ ስብሰባ የለም፣ መዋጮ የለም፣ ስም የሚጠራበት የለም። ሚስቱ ታንጉ «እንዲያው ምን አለ እላዩ ላይ?» ስትለው፣ «ድንጋይ ነው እንጂ ምን ይኖራል» ብሎ ያልፋታል።

ጠፍሩን የሚይዝለት የታንጉ ታናሽ ወንድም እንግዳው ነበር። ባለትዳር፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ከገደሉ ወገብ ካለው እርከን ላይ ግን አልፎ አያውቅም፤ «የቀረውን ለጭልፊት ትቸዋለሁ» ይላል።

በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ጀይሉ ሕዝቡን ሰበሰበ።

«አሥረኛው የአብዮት በዓል ነው። ባንዲራችን ከጭልፊቴ ጫፍ ላይ መታየት አለበት። ዋሴ ያወጣዋል።»

ዋሴ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ዓለቱ እርጥብ ነው። ጠፍርም ዝናብ ሲነካው ይለጠጣል። መስቀል ይለፍና አወጣልዎታለሁ።»

«አብዮት ድንጋይ እስኪደርቅ ይጠብቃል? ለማርህ ሲሆን ትወጣለህ፣ ለአገርህ ሲሆን ከበደህ? ወይስ ሰሜን ብትዘምት ይሻልሃል?»

ዋሴ ተቀመጠ። የባንዲራው ዘንግ ብረት ስለነበረ አንድ ሰው ብቻውን የሚያወጣው አይደለም። እንግዳው ሳይጠየቅ «አብሬው እሄዳለሁ» አለ።

ጳጉሜን አራት ቀን ጎሕ ሲቀድ ጀመሩ። ዋሴ እየቀደመ ጠፍሩን በዓለቱ ስንጥቅ ከበቀለ ሾላ ሥር ጋር ያስራል፣ እንግዳው እየተከተለ ዘንጉን ይገፋለታል። ከእርከኑ በላይ ሲደርሱ እንግዳው ዓለቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። «ወደ ታች አትይ፣ እጄን እይ» ይለዋል ዋሴ። እጁን እያየ ወጣ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ እንግዳው በደረቱ ተኛ። ከዚያ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየና መሣቅ ጀመረ።

«አያ ዋሴ! ለካ እዚህ ነው የምትደበቀን!»

ዋሴም ሣቀ። ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ያየውን ሌላ ሰው ሲያይለት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዘንጉን በድንጋይ አጣብቀው አቆሙ። ሥራው አለቀ። ከወደ ምዕራብ ደመና ሲጠቁር ዋሴ አይቶታል።

«እንውረድ» አለ።

«ትንሽ እንቆይ። ከእንግዲህ መቼ እወጣለሁ?»

ዋሴ መውረድ እንደነበረባቸው ያውቃል። ግን እሱም አልጠገበም። ቆዩ።

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛቸው። ዋሴ ቀድሞ እርከኑ ላይ ወረደ፤ እንግዳው ጠፍሩን ይዞ ተከተለ። የራሰው ቆዳ ተለጠጠ፣ ቋጠሮው ከሾላው ሥር ሾልኮ ወጣ። እንግዳው በዋሴ አጠገብ አለፈ። ዋሴ ሸሚዙን ያዘ፤ ጨርቁ እጁ ውስጥ ቀረ። ዋሴ ታች እንግዳው ከወደቀበት እስኪደርስ ፀሐይ ጠለቀች።

በበዓሉ ቀን ባንዲራው ከሩቅ ታየ። ጓድ ጀይሉ በንግግሩ እንግዳውን «የአብዮቱ ሰማዕት» አለውና ሕዝቡን አስጨበጨበ። ታንጉ ፀጉሯን ተላጭታ ከቤት አልወጣችም። ምግብ ታቀርባለች፣ ውሃ ታቀርባለች፤ ለባሏ ቃል የላትም።

በዓመቱ ነፋስ የበላውን ባንዲራ እንዲቀይር ዋሴ ታዘዘ። «አልወጣም» አለ። ሰባት ወር ታሰረ። ሲፈታ ጉልበቱ የማይታዘዝ ሆኖ ነበር፤ አብደራፊ ወርዶ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ታንጉም ተከትላው ሄደች። አገሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የለውም።

እንግዳው በሞተ በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ታንጉ ሽሮ እያማሰለች፣ ፊቷን ሳታዞር «ወንድሜ ጫፉ ላይ ሲደርስ ምን አለ?» አለችው።

ዋሴ ሁሉንም ነገራት። ሣቁን፣ ደመናውን፣ መቆየታቸውን። ማማሰሏን አላቆመችም። ሲጨርስ «ሂድና ለእናቴ ንገራት» አለች።

የእንግዳው እናት እሜቴ ዙፋን ሳንጃ ከተማ ይኖሩ ነበር። ዋሴ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ያንኑ ደገመው። «ደስ ብሎት ነበር፣ እሜቴ። እንቆይ ሲለኝ አልጨከንሁበትም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።»

እሜቴ ዙፋን መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት የምረግመው ጀይሉን ነበር» አሉ። «አሁን ማንን ልርገም?»

ውሃ አስቀዱለት፤ ዋሴ ጠጣና ዋንጫውን መልሶ፣ እያነከሰ የቆላውን መንገድ ያዘ።