ጉርድ ለብሼ ዲላ ገበያ የወጣሁ ዕለት

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሱሪ መልበስ ስትጀምር ዝም አላልኩም። በእኔ ቤት እስካለሽ ወንድ የወንድ፣ ሴት የሴት ልብስ ይለብሳል አልኳት። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ከሬዲዮና ከተዋስኩት መጽሐፍ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ምክር ስጀምር ቶሎ የማልጨርሰው። ያን ምሽትም ሳልጨርስ ተነስታ ከሣጥን ውስጥ ኪልቱን አወጣች።

ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት፣ ከኋላው የተሸነሸነ፣ ዳማ ዳማ መልክ ያለው የሱፍ ጉርድ ነው። አንድ ስኮትላንዳዊ ቡና ገዢ ቡና አብቃይዋ አሪቻ መጥቶ ሳስተረጉምለት ከርሞ ሲሄድ የሰጠኝ ነበር።

«ይሄ የወንድ ነው የሴት?» አለችኝ።

«የወንድ።» መዋሸት አልወድም።

«እሺ አባዬ፣ በገበያ ቀን ለብሰኸው ወጥተህ ና። ከቻልክ ሱሪ እተዋለሁ። ካልቻልክ ግን ሁለተኛ ስለ ሱሪዬ አትናገረኝም።»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር። በገዛ ቤቴ የመናገር መብቴን እንዴት አሳልፌ እሰጣለሁ? እሺ አልኩ።

በገበያው ቀን ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ፋዘር፣ ሰላም ነው? ሱሪዎን ሰረቁዎት እንዴ?» አለኝ።

«ሱሪዬ ቤት ነው» አልኩት ኮስተር ብዬ።

«ታዲያ ምነው ጥለውት መጡ?»

 ለመግባት እግሬን ሳነሳ ጉርዱም አብሮ ተነሳ። እስከ ገበያ ድረስ ጉልበቴን ገጥሜ፣ ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

ሁልጊዜ የምገዛት ቆጮ ሻጭ ገና ከሩቅ አየችኝ። «የልጆች አባት! የየትኛው ኳየር ዩኒፎርም ነው?»

«ኳየር አይደለሁም። የስኮትላንድ ልብስ ነው።»

«ስኮትላንድ? አዲስ የተከፈተው ቸርች ነው?» ከዚያ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። «ድምፁ ቢያምር ነው እንጂ በዚህ እግርስ ማን ይመርጠዋል!»

«አንድ ዘምርልን!» አሉ ከወዲያ።

ሰው በልብሱ እንደማይለካ ላስተምራቸው ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። በአንድ እጄ የገዛሁትን በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ በሌላው ጃንጥላዬን ይዣለሁ። ነፋሱ የመጣው ያኔ ነው። ቆጮው ወደቀ፣ ጃንጥላው ወደቀ፣ እኔም ጉርዴን አፍኜ ቁጭ አልኩ። ግን ዘግይቻለሁ፤ ሙታንታዬን ግማሽ ገበያ አይቶታል።

ሴትዮዋ እየሳቀች ሻርፗን ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። «ምን ነካህ? ከስር ሱሪ ሳይለብሱ ጉርድ ለብሶ ገበያ ይወጣል?» የቀሚሷን ጫፍ ትንሽ ሰብሰብ አደረገች። ከስሩ አሮጌ የወንድ ሱሪ ለብሳለች። ጎረቤቷም ሰብሰብ አደረገች፤ እሷም ለብሳለች። ለልጄ ምሳሌ አድርጌ የማነሳቸው ጨዋ የገበያ ሴቶች እነዚሁ ነበሩ።

ቤት ስደርስ ልጄ ሱሪዋን አጣጥፋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ለቃሏ ታማኝ ናት፤ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ውርርዱን ማሸነፌን ሁለታችንም እናውቃለን።

«መልሰሽ ልበሺው» አልኳት። «በተለይ ባጃጅ ስትሳፈሪ።»

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «አንቺም ገበያ ስትወጪ ከስር...?»

«አንድ ቀን ልብስ አጥበህ ብታውቅ ኖሮ» አለችኝ፣ «ይህን አትጠይቀኝም ነበር።»