ሮዜር ሾኬት ቦይለሩን የገፈፈበት ቅዳሜ

ሮዜር ሾኬት ላይ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሾርባ እስኪበርድ አይጠብቅም፤ ምላሱን አቃጥሎ ይራገማል። ቤተ ክርስቲያን ቄሱ የመጨረሻውን ቡራኬ ሳይሰጡ እሱ ኮፍያውን ይዞ ደጃፍ ላይ ነው። የሱፍ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የሽመና መኪና ጠጋኝ ነበር፤ መኪናው በቅጡ ሳይቆም እጁን እየሰደደ የአንድ ጣቱን ጫፍ እዚያው ትቶት ወጥቷል። ውንሶኬት ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ያዘነለት ግን ጥቂት ነው።

ሚስቱ ፈርናንድ ከሞተች ወዲህ ባለ ሁለት ፎቁ የእንጨት ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለት ናቸው። እሱ ታች፣ የፈርናንድ ታላቅ እህት ኢሬን ላይ። ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን ካለ አንዳቸው ታመዋል ማለት ነው። ቢሆንም ቅዳሜ ማታ ኢሬን በአሳማ ስብ የምታበስለውን ቦሎቄ ሊበላ ሳህኑን ይዞ ደረጃውን ይወጣል። ጨው በዝቷል ይላል፤ ከዚያ ይደግማል።

ብርዱ ሊገባ ሲል ቤቱን በእንፋሎት የሚያሞቀው አሮጌ ቦይለር ተሰነጠቀና ኖርማን ዱፕራ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ምድር ቤቱ ውስጥ አዲስ ተከለላቸው። ኖርማን ዕቃውን እየሰበሰበ፣ "ጋሼ ሮዜር፣ ሳምንት ካነደዱት በኋላ መጥቼ ዘይቱን እገፍፍልዎታለሁ። ከፋብሪካም፣ ቧንቧ ስናስርም የሚቀር ዘይት አለ፤ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና ያስቸግራል" አለው።

"ማን? አንተ?" አለ ሮዜር። "አንተ ሳትወለድ ጀምሮ እሑድ እሑድ ቦይለር የማጥብ ሰው ነኝ። ሂድ ወደ ሥራህ!"

ማጠብ የሚለው የታችኛውን ቧንቧ ከፍቶ አንድ ባልዲ ዝገት ማፍሰስን ነው። አባቱም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ሰፈሩም በሙሉ እንዲሁ ነው። ለዝገት ሁነኛ መላ ነው። ዘይት ግን ከላይ ስለሚንሳፈፍ ከሥር ቢከፍቱለት ንቅንቅ አይልም። ሮዜር ባልዲ በባልዲ ላይ አፈሰሰ፣ ዘይቱ ግን ቤቱን ለምዶ ተቀመጠ። ውሃው አረፋ እየደፈቀ ከእንፋሎቱ ጋር ሽቅብ ይወጣል፤ ቧንቧዎቹ ገና ጎህ ሳይቀድ ጓ! ጓ! ይላሉ። ኢሬን መኝታ ቤት ያለው የእንፋሎት ማሞቂያ፣ ራዲያተሩ፣ ደግሞ በአየር ማስወጫው ትኩስ ውሃ እየተፋ የዳንቴል መጋረጃዋን አበላሸው።

"ልታስወጣኝ ከፈለግህ በአፍህ ንገረኝ" አለችው።

"እኔ ምን አደረግኩ? ቧንቧው ነው!"

"ቧንቧውስ የማን ነው? ስማ፣ ወንዙ ዳር ካለው የአዛውንቶች መኖሪያ ሕንጻ ክፍል አግኝተንልሻል ብለውኛል። ሰኞ መልስ እሰጣለሁ።"

"ደግ ነው! እኔም ከኮቴሽ እገላገላለሁ።"

ይህን ብሎ ወርዶ ወጥ ቤቱ መሐል ቆመ። ላይ ቤት ኮቴ የማይሰማበትን ክረምት አሰበና ፈራ። እውነቱን ለመናገር፣ ፈርናንድ የሞተች ዕለት እንኳ እንዲህ አልፈራም፤ ያኔ ኢሬን ነበረቻ።

ዐርብ ዕለት ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ለኖርማን ደወለ። ኖርማን የእህቱ ልጅ ሠርግ ነበረበት።

"ራስዎ ያድርጉት፣ ጋሼ። መጀመሪያ አጥፍተው ያቀዝቅዙት። በጎኑ፣ በውሃው ልክ ላይ የተደፈነ ቀዳዳ አለ፤ እሱን ፈተው አጭር ቧንቧ ይግጠሙበት። ከዚያ ውሃውን ያሙቁት፤ እንዳይፈላ ብቻ። አዲስ ውሃ በትንሽ በትንሹ ሲያስገቡ በጎን በኩል የእርሳስ ውፍረት ሆኖ ይውረድ፤ ዘይቱን ይዞት ይወጣል። ከቸኮሉ ግን ይናወጥና ይደባለቃል። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"ቀኑን ሙሉ" አለ ኖርማን፤ ሳቁን እንደያዘ ያስታውቅበታል።

ቅዳሜ ጧት ሮዜር የተባለውን አደረገና ባልዲው አጠገብ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ውሃው እያብለጨለጨ፣ ቅባቱን ተሸክሞ ይወርድ ጀመር። ጥቂት አየውና አላስቻለውም፤ የውሃ ማስገቢያውን ወለል አድርጎ ከፈተው። የውሃውን ልክ በሚያሳየው የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ተናወጠ፣ ዘይቱም መልሶ ተደባለቀ። ሮዜር እንደ አባቶቹ ወግ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት አንድ በአንድ እየጠራ ተሳደበ። ከዚያ ዘጋው፤ እስኪረጋ ጠበቀና እንደገና ጀመረ። እጁ እንዳያታልለው ታፋው ሥር ወሽቆ ተቀመጠበት። ባልዲ ሲሞላ ይደፋል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ምሳ ሰዓት አለፈ። የካርታ ጨዋታ ጓደኛው በምድር ቤቱ መስኮት ጠራው፤ "ሥራ ላይ ነኝ" አለው።

ሊመሽ ሲል ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ። ቦይለሩን አጥፍቶ አበረደውና ቀዳዳውን ደፈነ፤ እንደገናም አነደደው። በመስታወቱ ውስጥ ውሃው ረግቶ ቆመ። እንፋሎቱ ሽቅብ ወጣ፤ ከላይ አንድም ድምፅ አልተሰማም።

ትንሽ ቆይቶ የምድር ቤቱ በር ተበርግዶ ኢሬን ካፖርቷን ደርባ ብቅ አለች።

"አጠፋኸው አይደል? ሰኞ እስኪደርስ እንኳ መታገሥ አቃተህ? በብርድ ልታባርረኝ!"

"ከራስሽ በላይ ያለውን ቧንቧ ንኪው።"

ነካችውና እጇን ሰብስባ ያዘች። "ያቃጥላል! ምንም አልሰማሁም እኮ።"

"መስማት የለብሽማ።"

ኢሬን ባልዲውን አየች፣ የዘይት ጨርቁን አየች፣ ሣጥኑን አየች።

"ከጧት ጀምሮ እዚህ ነህ?"

"እዚሁ ነኝ።"

"ተቀምጠህ?"

"ተቀምጬ።"

ሣጥኑን ደግማ አየችው። ይህን ሰው ስታውቀው ኖራለች፤ በገዛ ሠርጉ እንኳ ተቀምጦ አልበላም።

ሮዜር እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ወለሉን እያየ፣ "እትዬ፣ አትሂጂብኝ" አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን እትዬ ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ እንዲያ የምትላት ፈርናንድ ነበረች።

ኢሬን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች። "ሰኞ ደውዬ ክፍሉን ለሌላ ስጡት እላቸዋለሁ" አለች። "አንተ ሰውዬ፣ ይህችን ቃል ለመናገር ቀኑን ሙሉ ዘይት መግፈፍ ነበረብህ?"

"ነበረብኝ" አለ ሮዜር።